መርከብ ላይ ከተጎዳችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት

ባለፈው ወር ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ደዋዩ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሠልጥኖ የወጣ ልጅ ነው። ፎርዝ ኢንጂነር (አራተኛ መሐንዲስ) ሆኖ ገና ሁለተኛ ኮንትራቱ ላይ ነበር። አሁን ስፔን፣ ላስ ፓልማስ፣ ሆቴል ውስጥ ተኝቷል። ኢንጂን ሩም (የሞተር ክፍል) ውስጥ ከመሰላል ወድቆ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሯል።

"ወንድሜ፣ አንድ ወረቀት ፈርም ብለውኛል። ካልፈረምክ ቲኬት አይቆረጥልህም አሉኝ። ምን ላድርግ?"

ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ ነገርኩት። ላከልኝ። ከመርከብ የወረደበት ምክንያት በሚለው መስመር ላይ "በራሱ ጥያቄ" ተብሎ ተሞልቷል። ልጁ የወረደው በቃሬዛ ነው።

እንዳይፈርም ነገርኩት። ግን ያን ሌሊት በስልክ ያልኩት ሁሉ ቁርጥራጭ ነበር። ኔትወርኩ ይጠፋል፤ እሱም መድኃኒት ወስዶ ዓይኑ ይከደናል። ስለዚህ ሙሉውን እዚህ እጽፈዋለሁ። ለእሱም፣ ዛሬ ባሕር ላይ ላላችሁትም፣ ልጆቻቸው ባሕር ላይ ላሉ ወላጆችም።

እኔ ይህን የተማርኩት ከፍዬበት ነው። በ2018 እንደ ፈረንጆቹ፣ ብራዚል ሳንቶስ ውጭ መልሕቅ ጥለን ስኳር ለመጫን ተራ እንጠብቃለን። ሰርድ ኢንጂነር ነበርኩ። ፒዩሪፋየር የሚባለውን የነዳጅ ማጣሪያ ማሽን ፈትተን እያጸዳን ነው። ቦውሉ (የማሽኑ የብረት ገንዳ) ከባድ ስለሆነ በቼን ብሎክ፣ በሰንሰለት ማንሻ ነው የሚነሳው። የቼን ብሎኩ መንጠቆ መዝጊያ ምላሱ ከተሰበረ ሰንብቷል። ቦውሉ ተንሸራተተና የቀኝ እጄን መሀል ጣትና የቀለበት ጣት ከብረቱ ጋር አጣብቆ ያዘ። ድምፅ አልሰማሁም፤ ጀኔሬተሩ ይጮሃል። ያየሁት አብሮኝ የነበረው ፊሊፒናዊ ኦይለር (የሞተር ክፍል ረዳት) አፉ ሲከፈት ነው። እየጮኸ ነበር። ጓንቱን ቀድደው ሲያወልቁልኝ እጄን ማየት አልቻልኩም፤ ፊቴን ወደ ቧንቧዎቹ አዞርኩ።

ያኑ ቀን ማታ ሰከንድ ኢንጂነሩ የአደጋ ሪፖርት ይዞ መጣ። እጄ ተጠቅልሏል፤ የሕመም ማስታገሻ ተወግቻለሁ። በግራ እጄ ፈረምኩለት። አላነበብኩትም። "የሥራ ደህንነት መመሪያ ባለመከተሉ" የሚል ዓረፍተ ነገር እንዳለበት ያወቅሁት ከአራት ወር በኋላ፣ አዲስ አበባ ሆኜ ነው።

ሕክምና፣ ደሞዝ፣ ካሳ

እነዚህ ሦስቱ ይለያያሉ። ብዙ ሰው ያቀላቅላቸዋል። ኩባንያው ኦፕራሲዮኑን ስለከፈለ ብቻ "ካሳዬን ሰጥተውኛል" ብሎ የተቀመጠ ልጅ አውቃለሁ።

የሁሉም መሠረት መርከበኛው ኤም ኤል ሲ የሚለው ዓለም አቀፍ የባሕር ሥራ ስምምነት ነው። በ2006 (እዚህ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ጄኔቫ ላይ ጸድቆ፣ ከኦገስት 20፣ 2013 ጀምሮ እየተሠራበት ነው። እዚህ ላይ ዋናው ነገር የእናንተ ፓስፖርት አይደለም፤ መርከቡ የሚያውለበልበው ባንዲራ ነው። ፓናማ፣ ላይቤሪያና ማርሻል አይላንድስ ሁሉም ተቀብለውታል።

የሕክምናው ወጪ እስክትድኑ፣ ወይም ጉዳቱ ዘላቂ ነው እስኪባል ድረስ የመርከቡ ባለቤት ነው። የባንዲራው አገር ሕግ ጣሪያ ሊያበጅለት ይችላል፤ ጣሪያው ግን ከተጎዳችሁበት ቀን ጀምሮ ከ16 ሳምንት ማነስ አይችልም። ደሞዝን በተመለከተ፣ መርከብ ላይ እስካላችሁ ወይም ወደ አገራችሁ እስክትመለሱ ሙሉውን ታገኛላችሁ። ከዚያ በኋላ ሙሉውን ወይም ከፊሉን፣ እንደ ሕጉና እንደ ኮንትራቱ። ይህም ከ16 ሳምንት በታች አይገደብም። መርከባችሁ አይ ቲ ኤፍ የሚባለው የትራንስፖርት ሠራተኞች ፌዴሬሽን ያጸደቀው ስምምነት ካለው ደግሞ በብዙዎቹ ላይ የሕመም ደሞዝ እስከ 130 ቀን ይሄዳል።

ካሳው ሦስተኛው ነው። በኮንትራታችሁና በኅብረት ስምምነቱ ላይ የተጻፈው ገንዘብ ማለት ነው። ይህን ገንዘብ ለማግኘት ኩባንያው አጥፍቷል ብላችሁ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። ስምምነቱ ለባለቤቱ የተወው ማምለጫ ጥቂት ነው፤ ጉዳቱ ከመርከቡ ሥራ ውጭ የደረሰ ከሆነ፣ ሆን ብላችሁ ያደረጋችሁት ጥፋት ከሆነ፣ ወይም ስትቀጠሩ የነበረባችሁን በሽታ አውቃችሁ ከደበቃችሁ። መዘንጋትና መሳሳት ሆን ብሎ ማጥፋት አይደለም። "ጥፋቱ ያንተ ስለሆነ ካሳ የለህም" ቢሏችሁ አትደንግጡ።

ስለ መደበቅ ካነሳን፣ ለቅጥር ምርመራ ስትሄዱ የድሮ ስብራት፣ ደም ግፊት፣ የወገብ ሕመም ካለ ተናገሩ። ሥራው እንዳያመልጠን ብለን እንደብቃለን። ኋላ ያቺ ፎርም ተመዝዛ ትመጣለች።

በዚያው ቀን

መጀመሪያ ሎግ ቡክ፣ የመርከቡ መዝገብ ላይ ይስፈር። ለሰከንዱ ወይም ለቺፉ (ለዋናው መሐንዲስ) በቃል ነግራችሁ አትተዉት። ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ስትሠሩበት የነበረው ዕቃ፣ ማን አብሯችሁ እንደነበረ ይጻፍ። የአደጋው ሪፖርት ላይ የእናንተ ቃል በእናንተ አነጋገር ይግባ። እንግሊዝኛችሁ ቢሰባበርም የእናንተ ይሁን።

መድኃኒት ተወግታችሁ፣ ወይም ሕመም ላይ ሆናችሁ ፈርሙ ካሏችሁ "ነገ አንብቤ እፈርማለሁ" በሉ። ይህ መብት ነው። በጣም ካስጨነቋችሁ ከፊርማችሁ አጠገብ "ደርሶኛል፣ አልተስማማሁበትም" ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ። አንድ መስመር ብቻ ናት። እኔ ያቺን መስመር ጽፌ ቢሆን ኖሮ ወራት አይባክንብኝም ነበር።

ዕቃውን ፎቶ አንሱ። ሳይጠገን፣ ሳይጣል። የእኔን ጉዳይ ያዳነው ይኸው ነው። ኦይለሩ የተሰበረውን መንጠቆ በዚያው ምሽት በስልኩ አንስቶልኝ ነበር። በማግስቱ ቼን ብሎኩ ከቦታው ጠፍቶ አዲስ ተሰቅሏል። ከፎቶው ጋር ሁለት መስመር የእጅ ጽሑፍ ሰጠኝ፤ መንጠቆው መበላሸቱን ከሳምንት በፊት እንደተናገርን የሚገልጽ፣ ስሙና ፊርማው ያለበት። የምስክሮቻችሁን ዋትስአፕ ያዙ። መርከበኛ ኮንትራቱ ሲያልቅ ወደየአገሩ ይበተናል፤ ከስድስት ወር በኋላ መርከቡ ላይ አንድም የሚያውቃችሁ ሰው ላይኖር ይችላል።

ቀላል የመሰለ ጉዳትም ይመዝገብ። በተለይ ወገብ። ከባድ ዕቃ አንስታችሁ ወገባችሁን ወጋችሁ፣ በማግስቱ ትንሽ ተሻላችሁ፣ ተዋችሁት። ከሁለት ወር በኋላ እግራችሁ መደንዘዝ ይጀምራል። ዲስክ መንሸራተት ነው ይባላል። ያን ጊዜ "መቼ ተጎዳህ? የት ተጻፈ?" ይመጣል። ወደብ ስትደርሱም ሐኪም እንዲያያችሁ ጠይቁ። መርከቡ በሚቆምበት ወደብ፣ እስከተቻለ ድረስ፣ ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ መሄድ በኤም ኤል ሲ የተሰጣችሁ መብት ነው። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አድርጉት፤ ቢከለክሏችሁ እንኳ መጠየቃችሁ ይታወቃል።

ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት

በየመርከቡ ሜስ ሩም (መመገቢያ ክፍል) አካባቢ ወይም ኮሪደር ላይ የተለጠፉ ሰርተፍኬቶች አሉ። በየቀኑ እናልፋቸዋለን። ከጃኑዋሪ 18፣ 2017 ጀምሮ ሁለት የገንዘብ ዋስትና ወረቀቶች እዚያ መለጠፍ ግዴታ ነው። አንዱ ባለቤቱ ሠራተኞቹን ጥሎ ቢጠፋ ወደ አገር ለመመለስ ነው። ሌላው ለሞትና ለረጅም ጊዜ የአካል ጉዳት ካሳ ነው።

ሁለተኛውን ዛሬውኑ፣ ጤነኛ ሆናችሁ ሳላችሁ፣ ፎቶ አንሱት። የመርከቡ ስምና አይ ኤም ኦ ቁጥር (የመርከቡ ቋሚ መለያ)፣ ዋስትናውን የሰጠው ድርጅት ስም፣ ዋስትናው የሚጸናበት ጊዜ፣ የካሳ ጥያቄ የሚቀበለው ክፍል አድራሻ አለው። ዋስትና ሰጪው አብዛኛውን ጊዜ ፒ ኤንድ አይ ክለብ የሚባለው ነው። የመርከብ ባለቤቶች ተሰባስበው አንዳቸው የሌላቸውን ኪሳራ የሚሸፍኑበት ማኅበር ነው። በዓለም አቀፉ ግሩፕ ስር ያሉት 12 ክለቦች ከውቅያኖስ ተጓዥ መርከቦች ቶኔጅ 90 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። ኩባንያው ዝም ካላችሁ ወደዚህ አድራሻ በቀጥታ መጻፍ ትችላላችሁ። እናንተ ብቻ ሳትሆኑ የቅርብ ዘመድ ወይም ወኪልም መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ የፎቶውን አንድ ቅጂ ለእናታችሁ ወይም ለእህታችሁ በቴሌግራም ላኩላት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ክለቡ በየወደቡ ወኪል አለው። ሆስፒታል ድረስ መጥቶ በትሕትና ያነጋግራችኋል። አመስግኑት፣ የሆነውንም በእውነት ንገሩት። ግን ሰውየው የሚሠራው ለባለቤቱ ወገን መሆኑን አትርሱ።

ስትወርዱ

የላስ ፓልማሱ ልጅ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ስትወርዱ በምትፈርሙት ወረቀት ላይ ምክንያቱ "በሕክምና ምክንያት" መሆን አለበት። "በራሱ ጥያቄ"፣ "በስምምነት"፣ "ኮንትራት ጨርሶ" የሚሉት ሁሉ ሌላ ታሪክ ይናገራሉ። በጤና ወርዶ አገር ቤት ታመመ የሚል ታሪክ። የመመለሻ ቲኬታችሁ የባለቤቱ ግዴታ እንጂ በፊርማ ምትክ የሚሰጥ ነገር አይደለም።

ከሆስፒታል ስትወጡ የሐኪሙን ሪፖርትና የራጁን ሲዲ በእጃችሁ ያዙ። "ለኩባንያው እንልካለን" ሲሉ "ለእኔም አንድ" በሉ። ኮንትራቱን፣ የኅብረት ስምምነቱን፣ የመጨረሻውን የደሞዝ ዝርዝር፣ የመርከበኛ ደብተራችሁን ገጽ ሁሉ ፎቶ አንሱና ለራሳችሁ ኢሜይል አድርጉ። ስልክ ይጠፋል፤ ኢሜይል ይቆያል።

አገር ቤት ስትደርሱ

በደረሳችሁ ዕለት ለኩባንያውና ላስቀጠራችሁ ኤጀንሲ ኢሜይል ጻፉ። "ዛሬ ደርሻለሁ፤ ጉዳቴ ይህ ነው፤ ሐኪም እንድትመድቡልኝ እጠይቃለሁ" ይበቃል። በስልክ ብቻ አትነጋገሩ። ኤጀንሲው ቢሮ ሄዳችሁ ከተነጋገራችሁም ማታ "ዛሬ የተነጋገርነው ይህ ነው" ብላችሁ በኢሜይል አስቀሩት።

ለምን እንደምቸኩል ልንገራችሁ። አብረውን የሚሠሩት ፊሊፒናውያን በመንግሥታቸው መደበኛ ኮንትራት በደረሱ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ኩባንያው ለመረጠው ሐኪም መቅረብ አለባቸው። ካልቀረቡ መብታቸውን ያጣሉ። ሐኪሙ በ120 ቀን ውስጥ ይወስናል፤ ሕክምናው ካላለቀ እስከ 240 ቀን ሊረዝም ይችላል። አንዳንድ ኩባንያዎች ኮንትራታቸውን ከዚህ ይቀዳሉ። የእናንተ ኮንትራት ላይም ተመሳሳይ የቀን ገደብ ሊኖር ስለሚችል ገና ሳትሳፈሩ ፈልጋችሁ አስምሩበት።

ኩባንያው የመደበው ሐኪም ጋ አንድም ቀጠሮ አትቅሩ። ቀኑን በማስታወሻ ያዙ። የታክሲውን፣ የመድኃኒቱን ደረሰኝ አስቀምጡ። ጎን ለጎን የራሳችሁን ሐኪም አማክሩ። የእኛ አገር ሜዲካል ቦርድ የሚሰጠው ፐርሰንት ማስረጃ ይሆናችኋል። ነገር ግን ቦርዱ የሚሠራው በአገር ውስጥ ሕግ ነው። ካሳችሁ የሚሰላው ኮንትራታችሁ ላይ ባለው ሰንጠረዥ ነው።

ጣት ስንት ፐርሰንት ነው?

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ሰንጠረዡ አካልን ይቆጥራል። አውራ ጣት ይህን ያህል፣ አንድ ዓይን ይህን ያህል። የፊሊፒኖቹ 14 ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ደረጃ የ50,000 ዶላር 120 በመቶ ነው፤ 60,000 ዶላር ማለት ነው። ወደ ታች እየወረደ ይሄዳል። በአይ ቲ ኤፍ ስምምነቶች ደግሞ በፐርሰንት ነው።

የእኔ ሁለት ጣቶች በሰንጠረዡ ትንሽ ናቸው። የኩባንያው ሐኪም አነስተኛ ፐርሰንት ጽፎ "ቀላል ሥራ መሥራት ይችላል" አለ። መርከብ ላይ ቀላል ሥራ የሚባል ነገር የለም። ይህን ግን ሐኪሙ ከየት ያውቀዋል? መርከብ ረግጦ አያውቅም።

በእጅ ላይ ስፔሻሊስት የሆነ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ስሄድ የጣቴን ራጅ ብቻ አልያዝኩም። የሰርድ ኢንጂነር የሥራ ዝርዝርና የድንገተኛ አደጋ ተግባሬን ይዤ ሄድኩ። እሳት ሲነሳ የእሳት ማጥፊያ ቱቦ የምይዘው እኔ ነኝ። መርከብ ሲለቀቅ ሕይወት አድን ጀልባ ላይ የተመደበ ቦታ አለኝ። ፓይለት መሰላል የሚባለው፣ ከመርከቡ ጎን የሚወርድ የገመድ መሰላል ላይ ማዕበል እየመታ በሁለት እጅ መንጠልጠል አለ። ሐኪሙ አንድ በአንድ አነበበው። ከዚያ የመጨበጥ አቅም የሚለካ መሣሪያ ሰጠኝ። በግራዬ ስጨብጥ 43 ኪሎ። በቀኜ 11። ቁጥሩን አየና ብዕሩን አስቀመጠ። "በዚህ እጅ መሰላል ላይ ራስህን መያዝ አትችልም" አለኝ። ያንኑ ጻፈው።

ልዩነቱ ያለው እዚህ ነው። በአይ ቲ ኤፍ ስምምነት ጉዳቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውየው ለባሕር ሥራ በዘላቂነት ብቁ እንዳልሆነ ተቆጥሮ 100 በመቶ ይከፈለዋል። ከ50 በታች ቢሆንም፣ ሐኪሙ በማንኛውም የሥራ መደብ ወደ ባሕር መመለስ እንደማይችል ካረጋገጠ ያው 100 በመቶ ነው። ስለዚህ ለሐኪማችሁ ሁለት ጥያቄ አቅርቡ። ጉዳቱ ስንት ፐርሰንት ነው? ወደ መርከብ ሥራ መመለስ እችላለሁ ወይ? ሁለተኛውን ካልጠየቃችሁ ማንም አይጽፍላችሁም።

ሁለቱ ሐኪሞች ካልተስማሙ ሦስተኛ ሐኪም በሁለታችሁ ስምምነት ይመረጣል። የሱ ቃል የመጨረሻ ነው፤ ሁለታችሁንም ያስራል። ሦስተኛ ሐኪም መጠየቃችሁን በጽሑፍ አሳውቁ። የእኔ ሦስተኛ ሐኪም መሰላሉን ደገመው። በ11ኛው ወር ሙሉው ተከፈለኝ። ኩባንያው እስከዚያ ድረስ "መመሪያ ባለመከተሉ" የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ሲያነሳ ነበር። የመንጠቆው ፎቶ ሲቀርብ ተወው።

ገንዘቡ ሲመጣ

እስኪወሰን ድረስ ቤት ኪራይ አይጠብቅም። ኩባንያዎች ይህን ያውቃሉ። በሦስተኛው ወር፣ ኪሳችሁ ባዶ ሲሆን፣ ትንሽ ገንዘብና አንድ ወረቀት ይመጣል። "ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም" የሚል። እዚያ ላይ ቆም በሉ። በኤም ኤል ሲ መሠረት የኮንትራቱ ካሳ በሙሉና ሳይዘገይ መከፈል አለበት፤ ከዚያ ያነሰ እንድትቀበሉ ጫና ማድረግ ክልክል ነው። የጉዳቱ መጠን ገና ካልታወቀም ችግር ላይ እንዳትወድቁ ጊዜያዊ ክፍያ መስጠት ግዴታ ነው። ኢሜይላችሁ ላይ ይህን ቃል ተጠቀሙ፤ "ጊዜያዊ ክፍያ እጠይቃለሁ።" የኮንትራቱን ካሳ መቀበላችሁ በሕግ ያላችሁን ሌላ መብት አያስቀርም። ሌላ ክስ ብታነሱ ግን የተቀበላችሁት ከዚያ ይቀነሳል።

ገንዘቡ በራሳችሁ የባንክ ሂሳብ ይግባ። በኤጀንሲ ወይም በደላላ በኩል አይሁን።

ማን ያግዛችኋል? የአይ ቲ ኤፍ ኢንስፔክተሮች በብዙ ወደቦች አሉ፤ መርከቡ ቆሞ ሳለ ብትደውሉላቸው ከሄደ በኋላ ከመደወል ይሻላል። ሲፋረር ሄልፕ የሚባለው መስመር 24 ሰዓት ይሠራል፣ በነፃ ነው፣ ሚስጥር ይጠብቃል። ጠበቃ ከያዛችሁ ክፍያውን በጽሑፍ አስቀምጡ። ፊሊፒንስ ውስጥ ጠበቆች የተጎዳ መርከበኛ ኤርፖርት ድረስ እያሳደዱ ከካሳው ትልቅ ድርሻ ይወስዱ ስለነበር በ2015 ሕግ ወጥቶ ክፍያው ከ10 በመቶ እንዳያልፍ ተደረገ። እኛ ዘንድ ስትዋዋሉ ይህን ቁጥር መደራደሪያ አድርጉት።

የላስ ፓልማሱ ልጅ በማግስቱ ወረቀቱን ሳይፈርም መለሰው። አንድ ኢሜይል አብረን ጻፍን፤ አምስት መስመር። ከሰዓት በኋላ አዲስ ፎርም መጣለት፤ "በሕክምና ምክንያት" የሚል። ሐሙስ ዕለት ቦሌ ስቀበለው በክራንች ነበር፤ የራጁ ሲዲ በደረት ኪሱ ውስጥ ነበር።